የሐሰተኛው አባት ገበታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በንባብ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)






በዛሬው የበዓል ቀን የስፖርት ክበብ ጨዋታውን፣ የሙዚቃ ክበብ ዜማውን አሳይቷችኋል። የንባብ ክበብ ግን ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ያለን አንድ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ስለዚህ እኛ ልናቀርብላችሁ የምንችለው፣ ይህን መጽሐፍ ካነበብን በኋላ በመካከላችንና በየቤታችን የተነሣውን ክርክር ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በክርክሩ ውስጥ ስለ ነበራችሁበት፣ የራሳችሁን ቃል መልሳችሁ ብትሰሙት እንዳትቈጡን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቁጥር አንድ የሴቶች የምርመራ ቢሮ» እንደ ማለት ነው። ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ይባላል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1948 ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር በቡላዋዮ ከተማ ተወለደ፤ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተማረ፤ በስኮትላንድም በኤዲንብራ ከተማ የሕክምና ሕግ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህን መጽሐፍ በ1998 አሳተመው። አንባቢዎች ስለ ወደዱት ታሪኩን ቀጠለበት፤ ተከታታዮቹም ዛሬ ከሃያ በላይ ሆነዋል።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነግረውናል። አንደኛው ሽጉጥ የሚተኰስበት፣ በሌሊት መኪና ለመኪና የሚሳደዱበት ነው። ሁለተኛው ግን ገራም ነው፤ መርማሪው ወይም መርማሪዋ የሰፈር ሰው ናቸው፤ ነገሩም የሚፈታው በእሳት ዳር፣ ሻይ እየተጠጣ፣ ዳቦ እየተቈረሰ ነው። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ውስጥ ወጥ ቤት ታላቅ ቦታ አለው። በአሜሪካ አገር ጆአን ፍሉክ የተባለች ደራሲ ብስኩት ጋጋሪዋን መርማሪ አድርጋ፣ የብስኩቱን አሠራር ሳይቀር በመጽሐፏ ውስጥ ታትማለች። የእንግሊዟ አጋታ ክሪስቲ ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመድኃኒት ክፍል ሠርታ ስለ ነበረ መርዝ ታውቃለች፤ ስለዚህ በ1953 ባሳተመችው በአንዱ መጽሐፏ ሰውየውን የገደለችው በቁርስ ሰዓት በማርማላታ ነው።

ይህን ስንሰማ ከእኛ አንዱ እንዲህ አለ፤ «በአገራችን በድሮ ዘመን አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው ለዚህ ነው። አጋታ ክሪስቲን ሳናነብ አስቀድመን ተጠንቅቀናል።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መምህራችን ግን «እንግዲያው አሁን የምታነቡት መጽሐፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሻይ የሚቀርበው ሰው እንዲታመን ነው» አሉን።

አነባበባችን እንደዚህ ነበር። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። አንዱ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ አማርኛው ያልደረሰበትን ደግሞ በሐዲይሳ እንጨርሰዋለን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን የሰማነውን ማታ በየቤታችን እንናገራለን። በሚቀጥለው ዓርብ ስንመለስ የወላጆቻችንን አስተያየት ይዘን እንመጣለን። በዚህ ዓይነት አንድ መጽሐፍ የፎንቆን ብዙ ቤት ዞረ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ አቅራቢያ ፕሬሽየስ ራሞትስዌ የምትባል ሴት ትኖራለች። አባቷ ኦቤድ ራሞትስዌ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቶ፣ ሳንባው ታሞ የተመለሰ ሰው ነው። ሲሞት ከብቶቹን አወረሳት፤ ሸጣም የራሷን ሥራ እንድትጀምር ነገራት። እርሱ በልቡ ያሰበው ምናልባት ሥጋ ቤት ትከፍታለች ብሎ ነበር። እርስዋ ግን የምርመራ ቢሮ ከፈተች። የቢሮዋ ንብረት አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የሻይ ማንቈርቈሪያና ሦስት ኩባያ ነው። ሦስተኛው ኩባያ የባለ ጉዳዩ ነው። የሚጠጡት ከደቡብ አፍሪካ ቍጥቋጦ የሚገኝ ቀይ ሻይ ነው።

አሁን ወደ አስተያየቶቹ እንመለስ።

አባቱ ሥጋ ቤት ያላቸው አንድ ጓደኛችን፣ ሟቹ አባት ልክ ናቸው፤ ሥጋ ቤት ብትከፍት ይሻላት ነበር ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። ሌሎች ልጆች ደግሞ መጽሐፉ ዘገምተኛ ነው ብለው አማረሩ። አንድ ትልቅ ወንጀል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይኖራል ብለው ሲጠብቁ፣ ብዙ ትንንሽ ጉዳዮች አንዱ ባንዱ ላይ ተከታትለው መጡ። ባል ጠፋ፤ ሚስቱ ከሌላ ሴት ጋር ኰበለለ ብላ ስታማው፣ ለካስ በወንዝ ውስጥ ሲጠመቅ አዞ ወስዶታል። ደግሞ አንድ ሐኪም አለ፤ አንድ ቀን ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ በሌላ ቀን ምንም እንደማያውቅ ይሆናል።

በዚህ በሐኪሙ ታሪክ ላይ ሳለን ከአንድ አባት ጠንካራ ተግሣጽ ደረሰን። «ልጄ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመቶ ሦስት ሰው ብቻ አሳልፏል ሲባል ሰምተናል። እናንተ ተቀምጣችሁ ስለ ሻይ ታነባላችሁን?» አሉ።

እኒህ አባት የተናገሩት እውነት ስለ ሆነ በቀልድ ልናልፈው አይገባንም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በአገሪቱ በሙሉ ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። እኛም ነገ የምንቀመጠው በዚያው ወንበር ላይ ነው። ይህ ልብ ወለድ ፊዚክስ እንደማያስተምር እናውቃለን። ነገር ግን የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርብልን በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጀምረን ጨርሰን አናውቅም ነበር፤ በየቃሉ ላይ እየቆምን እንደክማለንና። በዚህኛው ግን ሐኪሙ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ለማወቅ ስለ ጓጓን፣ ያላወቅነውን ቃል እየዘለልን፣ ከፊትና ከኋላ እየገመትን ወደ ፊት ሄድን። የገመትነውም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኖ አገኘነው። ይህን ለእኒህ አባት አስረድተን ሳንጨርስ፣ በሳምንቱ ልጃቸውን በምሥጢር «ለመሆኑ ያ ሐኪም ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ መንታ ወንድማማች ነበሩ፤ አንዱ የተማረ፣ አንዱ ያልተማረ፤ በአንድ ፈቃድ ሁለቱ ይሠሩ ነበር። እኒህ አባት በሳቅ ፈንድተው፣ «እንግዲህ ያልተማረው በገባበት ቀን የታከመ ወየውለት! ስለዚህ ነው ተማሩ የምንላችሁ» ብለው ነገሩን ወደ ራሳቸው ምክር መለሱት።

ሁለተኛው ክርክር ሴት መርማሪ ልትሆን ትችላለች ወይ የሚል ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች ገና ሳይናገሩ፣ አንዲት እናት ለልጃቸው የነገሩት ታሪክ መልሱን ሰጠ። እናታችን እንዲህ አሉ።

«ቆጮ ከቀበርሁበት ጉድጓድ አንድ ቀን ሌሊት ተወስዶብኝ ነበር። ድንጋዩ እንደ ነበረ ተመልሷል። ኮባው ግን ከግራ ወደ ቀኝ ታጥፎ አገኘሁት። እኔ የማጥፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከጎረቤቶቼ በግራ እጇ የምትሠራ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ያን ጊዜ ባሏ ታሞ የተኛባት ነበረች። ለማንም አልተናገርሁም። በማግሥቱ ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ ወሰድሁላት። ኮባውን ግን በእርስዋ አጣጠፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አጠፍሁት። አየችው፤ አየችኝ፤ አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዴን የነካ የለም።»

ይህ ከተነበበ በኋላ ስለ ሴት መርማሪ የተቃወመ አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ጓደኛችን፣ የእኒህ እናት ታሪክ ከመጽሐፉ ታሪኮች ከማናቸውም ይበልጣል፤ ሌባዋ ተገኘች፤ የታመመውም በላ፤ ስሟም አልጠፋ ብሎ ፈረደ።

ሦስተኛው ነቀፋ ከመምህራን ወገን የመጣ ነው። ደራሲው የስኮትላንድ ወንድ ሲሆን የአፍሪካን ሴት ልብ እንዴት ያውቃል? አፍሪካንስ እንደዚህ ሁሉም ሰው ጨዋና ደግ፣ ፀሐይዋ ሁልጊዜ ደማቅ አድርጎ መሳል ተገቢ ነውን? አሉ። በዚህ ላይ አልተስማማንም። ከእኛ ከፊሉ፣ ስለ አፍሪካ ረኃብና ጦርነት ብቻ ከሚጽፍ ሰው ይህ ይሻላል አለ። ከፊሉ ደግሞ፣ ያለ ልክ መሞገስም አለመታወቅ ነው አለ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በክበባችን እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ይህ ጉዳይ በመጽሐፉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው የሚገኝ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉም በኋላ ያላለቀ ነው።

ሃፒ ባፔትሲ የምትባል በባንክ የምትሠራ ሴት ወደ ቢሮው ትመጣለች። አባቷ በልጅነቷ ትቷት የሄደ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከቤቷ መጥቶ «አባትሽ ነኝ» ይላታል። ተቀበለችው፤ መኝታ ሰጠችው፤ ምግብ ሠራችለት። ሰውየውም ተቀምጦ ይበላል፤ ይህ ቀረ፣ ያ ጎደለ ይላል፤ አንዳች ሥራ አይሠራም። ልጅቱ ቀስ በቀስ መጠርጠር ጀመረች። ወይዘሮ ራሞትስዌም የነርስ ልብስ ተውሳ ከቤቱ ሄደችና፣ «ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፤ ደም የሚሰጣት የቅርብ ዘመድ ያስፈልጋል፤ ደሙ ብዙ ስለ ሆነ ግን ሰጪው ሊሞት ይችላል» አለችው። ሰውየውም ደንግጦ አባቷ አለመሆኑን ተናዘዘ።

ይህን ባነበብን ቀን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ ውሸትን በውሸት ማውጣት ይገባልን? ብለው ጠየቁን። ከፊሎቻችን ይገባል አልን፤ ሌባ በቀጥታ ቢጠይቁት እውነት አይናገርምና። ከፊሎቻችን ደግሞ፣ ሰውየው እውነተኛ አባት ቢሆንና ልጄ ልትሞት ነው ብሎ ልቡ ቢቆም ኖሮስ? አልን። በየቤታችንም አባቶችና እናቶች ሌላ ነገር አነሡ። እንግዳ በገበታ ላይ ተቀምጦ «ማን ነህ? ከወዴት ነህ?» አይባልም፤ አስቀድሞ ይበላል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይደርሳል አሉ። የበላ ሰውን መመርመር ግን እንጀራውን መልሶ እንደ መንጠቅ ይሆንብናል ያሉም አሉ።

በዚህ መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ በክርክር ላይ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቅ ጓደኛችን እጇን አነሣች።

እንደምታውቁት ከሆሣዕና፣ ከፎንቆ፣ ከከምባታም አገር ብዙ ሰዎች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ኦቤድ ራሞትስዌ ከቦትስዋና ወደዚያች አገር እንደ ሄደ፣ የእኛም አባቶችና ወንድሞች አያሌ ድንበር አቋርጠው ወደዚያው ሄደዋል። በየክፍላችን እንዲህ ያለ ቤት ያለው ተማሪ አለ። ይህች ጓደኛችንም አባቷ የሄደው እርስዋ ገና መራመድ ስትጀምር ነው። «እኔ የአባቴን ድምፅ የማውቀው በስልክ፣ ፊቱንም በፎቶግራፍ ነው» አለችን። «ፎቶግራፉ አሮጌ ነው። ሰው ደግሞ በስደት ይለወጣል። ነገ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ አባትሽ ነኝ ቢለኝ፣ እኔም እንደዚያች ሴት አስገባዋለሁ፤ አበላዋለሁ። የምጠረጥረው ቢሆን ግን ውሸት አልነግረውም። አተካና አቀርብለታለሁ። የቡላውንና የወተቱን፣ የቅቤውንም ልክ በቤታችን እንደሚሠራው አድርጌ ሠርቼ፣ ሲበላ አየዋለሁ። የአገሩ ሰው ከሆነ ያስታውቃል።»

ዘዴው ለሁላችንም ደስ አለን። አንዱ ብቻ፣ «አተካና በፎንቆ የማይወድ ማን አለ? እንዲህ ከሆነ ሁላችንም አባትሽ ልንሆን ነው» ብሎ አሳቀን። እርስዋም ሳቀች። ነገር ግን ጥያቄውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓርብ የእናቷን መልስ ይዛ መጣች። እናቷ ራት ሲያቀርቡ ዝም ብለው አዳመጡ፤ ራቱ አልቆ ገበታው እስኪነሣም ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ የራበው ሰው አበላሉ ሁሉ አንድ ነው፤ በዚያ አታውቂውም። የዚያች የቦትስዋና ሴት እንግዳ ያስታወቀው በመብላቱ አይደለም። ያን ያህል ቀን ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺስ በላሽ ወይ?› ብሎ አልጠየቃትም። አባት ከሆነ ሳይቆርስ ይጠይቃል።»

ትንሽ ቆይተውም፣ «አባትሽ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድር ነው?» አሏት።

ጓደኛችን ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ። «‹በላችሁ ወይ?› ነው» አለችን። «ሁልጊዜ ይህን ስለሚጠይቅ እኔ ሌላ የሚናገረው ያጣ ይመስለኝ ነበር።»

በክፍሉ ውስጥ ለጊዜው የተናገረ አልነበረም። በኋላ አንዱ ልጅ፣ ይህን የሰማ ሐሰተኛ አባት እርሱም መጠየቅ ይማራል እኮ ብሎ ተከራከረ። የሥነ ዜጋ መምህራችንም፣ አንድ ቀን ይጠይቅ ይሆናል፤ በየቀኑ ለመጠየቅ ግን አባት መሆን ያስፈልጋል ብለው መለሱለት። ከዚያ በፊት ስለ ነርሷ ልብስ ለሁለት የተከፈልነው ሁሉ በዚህ ተስማማን። የወይዘሮ ራሞትስዌ ዘዴ ብልህ ነው፤ የእኒህ እናት ዘዴ ግን ብልህ ሆኖ ውሸት የለበትም፤ እንግዳውንም ከገበታ አያስነሣም።

የተከበራችሁ አዳማጮች፤

ይህ መጽሐፍ ከታላላቅ መጻሕፍት ጋር የሚቈጠር ነው ብለን አንከራከርም። ቀላል መጽሐፍ ነው፤ የሚያስቅና የሚያዝናና መጽሐፍ ነው። ብዙዎቻችሁ በመጀመሪያ የጠየቃችሁን፣ ቀላል መጽሐፍ ምን ይረባል? ብላችሁ ነው። እኛ የምንመልሰው በደረሰብን ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉ ከባድ ቢሆን ኖሮ ማታ ለእናቶቻችን ልንነግራቸው አንችልም ነበር። ባንነግራቸው ደግሞ የኮባውን አጣጠፍ አንሰማም ነበር። ጓደኛችንም ለስንት ዓመት በስልክ ስትሰማው የኖረችውን ቃል ትርጉም አታገኝም ነበር። ስለዚህ ፈተና እንዳለብን ሳንረሳ፣ የንባብ ክበባችን በየሳምንቱ ዓርብ እንዲቀጥል እንዲፈቀድልን እንለምናለን። በቤታችሁ ያለ ማናቸውም መጽሐፍ ቢኖር፣ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ ሽፋን ባይኖረውም እንቀበላለን፤ ፕላስተር አለን።

በመጨረሻም ወላጆቻችንን አንድ ነገር እናስቸግራለን። በቦትስዋናው ቢሮ ሦስተኛው ኩባያ የባለ ጉዳዩ እንደ ሆነ ነግረናችኋል። የእኛም ክበብ ዓርብ ዕለት አንድ ተጨማሪ ወንበር ያስቀምጣል፤ እርሱም የእናንተ ነው። እናት ብትሆኑ፣ አባት ብትሆኑ፣ መጥታችሁ የምታውቁትን ታሪክ ንገሩን። ሻይ እናፈላለን። ስትገቡም አስቀድመን ማን እንደ ሆናችሁ አንጠይቃችሁም፤ በላችሁ ወይ? ብለን እንጠይቃችኋለን።